የከፍያለው ጀንበር

እትዬ በዛብሽ ጊታሩን እንደ ዶሮ አንገቱን አንቃ ድንኳኑ ውስጥ ስትገባ ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አፈጠጠ። ካርታ ሲጫወቱ የነበሩት ወንዶች እንኳ ካርታቸውን ደረታቸው ላይ ለጠፉ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ጊታር! የጁባው አትላባራ ሠፈር ሐበሻ ብዙ ጉድ አይቷል፣ ይኼን ግን አላየም።

«ምን ታፈጡብኛላችሁ? ጭሱ እንዳያበላሸው ብዬ ነው» አለች እትዬ በዛብሽ። የዕድሩ ሴቶች አለቃ ናት። ከቀብሩ ዕለት ጀምሮ ከቤቱ ጀርባ ያለችውን የሟቹን የሥራ ክፍል ወጥ ቤት አድርጋታለች፤ የለቀስተኛው ምግብ የሚሠራው እዚያ ነው። ማንንም ሳትጠይቅ ነው ያደረገችው፤ እትዬ በዛብሽ ጠይቃ አታውቅም።

ሰናይት ከፍራሹ ተስፈንጥራ ተነሳች። ዓይኗ ያረፈው ጊታሩ ላይ አልነበረም፣ የእትዬ በዛብሽ እጅ ላይ ነው። እጇ እስከ አንጓዋ በዘይት ያብለጨልጫል።

«እጅሽን! እጅሽን አንሺ!»

ባሏን በቀበረች በሦስተኛው ቀን የምትጮህ ሴት ምን እንደምትል ማን ይሰማል? አጠገቧ የነበሩት ሴቶች ከግራና ከቀኝ ያዟት። «ልቀቁኝ» ባለች ቁጥር አጥብቀው ያዟት። «አይዞሽ፣ እግዜር ያጥናሽ» አሏት። «ጊታሩን ነው የምላችሁ!» ስትላቸው ደግሞ የሟቹን ሥራ አይታ ሆድ የባሳት መስሏቸው አብረዋት አለቀሱ። ለቅሶው በረድ ብሎ እስኪለቋት ድረስ ጊታሩ ፍራሹ ላይ ተጋድሟል። ገና ቢጫ ቀለም ብቻ የጠጣው ፊቱ ላይ፣ ከታች ጠርዙ አጠገብ፣ አራት የዘይት ጣቶች ቁልጭ ብለው ታትመዋል።

ከፍያለው በሥራ ቀን የአንድ የግንባታ ድርጅት አናጢ ነበር፤ በርና መስኮት ይገጥማል። ማታ ማታና እሑድ ግን ጊታር ይሠራል። ጊታር የሚሠራ ሌላም ይኖር ይሆናል፤ ጁባ ውስጥ ለእሱ ስም ያወጣለት ግን ቅቡ ነው። መሐሉ ቢጫ ሆኖ ያበራል፤ ወደ ዳር ሲሄድ ቢጫው ሳይታወቅ ቀይ ይሆናል፤ ቀዩም ሳይታወቅ ጠርዙ ላይ ይጠቁራል። ቢጫው የት እንዳለቀ፣ ቀዩ የት እንደጀመረ በጣቱ የሚጠቁም ሰው አልተገኘም። የሆቴል ሙዚቀኞች «የከፍያለው ጀንበር» ይሉታል። ከከተማው ውጭ ከረጃፍ ድረስ እየመጡ የሚያሠሩ ነበሩ።

ይኼኛውን ቢጫውን ቀብቶ ሰቀለው። ቀዩንና ጥቁሩን እሑድ በመርጫ ሊነፋ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ብሎ በዚያው ቀረ። ሐኪሙ ልብ ነው አለ።

ታላቅ ወንድሙ አክሊል ከአዲስ አበባ ለቀብር በርሮ የመጣ፣ ጸጥ ያለ የባንክ ጡረተኛ ነው። ጊታሩን አንስቶ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ አየውና ራሱን ነቀነቀ።

«ይኼ ተበላሽቷል። እኔ ግን መላ አለኝ» አለ። «ነገ ከሰዓት ስሄድ ይዤው ልሂድ። አዲስ አበባ ቀለም ቀቢ አላጣም፤ ድፍን ጥቁር አስቀባውና ቤቴ ግድግዳ ላይ ልስቀለው። የወንድሜ መታሰቢያ ይሁነኝ። ሐዘን ነው፣ ጥቁር ይገባዋል፤ የዘይቱንም እድፍ ይሸፍነዋል።»

ድንኳኑ ሙሉ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። እትዬ በዛብሽማ ከወቀሳው ስለተረፈች ሁለት ጊዜ ነቀነቀች።

ሰናይት ከራስ ጠጉሯ እስከ ጫማዋ ጥቁር ለብሳ ቆማለች። አይሆንም ልትል አፏን ከፈተች፤ ምክንያቱን የተጠየቀች እንደሆነ ግን የምትመልሰው የለም። ማለት፣ አለ፤ እንዳትናገር ቃል የገባችው ነገር ነው እንጂ።

ከሴቶቹ መካከል ዶርቃ ቀስ ብላ ተነስታ ወደ እሷ ጠጋ አለች። ጋምቤላ ያደገች የጁባ ልጅ ናት፤ ጁባ ና ባሪ በሚባለው ሠፈር ያለ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ትመራለች። ጊታሩን ያዘዘችው እሷ ናት።

«ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ እትዬ ሰናይት» አለች በሹክሹክታ። «በዚህ ሰዓት ስለ ጊታር አይወራም፣ አውቃለሁ። ልጆቹ ግን ከፋሲካ ጀምሮ ሲጠብቁት ነው። እንደዚሁ ቢጫውን እንወስደዋለን፤ እኛ ምንም አንልም።»

«ቢጫው ብቻውን አይሆንም፣ የእጅ ላብ ይበላዋል» አለች ሰናይት። «እስከ ነገ ታገሺኝ።»

ለምን «እስከ ነገ» እንዳለች እሷም አላወቀችም።

ነገሩ የጀመረው በቲማቲም ነው። ጁባ በመጡ ሰሞን ምግብ ቤት ሊከፍቱ ሲሰናዱ፣ ከፍያለውን ኮኞ ኮኞ ገበያ ቲማቲም ግዛ ብላ ላከችው። አንድ ከረጢት አረንጓዴ፣ ድንጋይ የሚያክል ጥሬ ቲማቲም ተሸክሞ መጣ። «ሻጯ አታለለችኝ» አለ። በሳምንቱም እንደዚያው። ሰናይት የላከችኝን በደንብ ካልገዛሁ ሁለተኛ አትልከኝም የሚል የወንድ ብልጠት መሰላትና አኮረፈች።

ቆይቶ የመጀመሪያውን ጊታር ሠርቶ ቀባ። ያዘዘው የሆቴል ሙዚቀኛ መጥቶ ጨርቁን ሲገልጠው ደም ውስጥ የነከሩት ይመስል ነበር። ሰውዬው አንዴ ጊታሩን፣ አንዴ ከፍያለውን አየና «ወንድሜ፣ እኔ ያዘዝኩህ ጊታር ነው ወይስ ቅርጫ?» አለው።

ሙዚቀኛው ሲሄድ ከፍያለው ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። «ሰናይት፣ እናንተ ቀይ የምትሉት ነገር እኔ ዘንድ አይመጣም» አላት። «ቢጫ አያለሁ። ሰማያዊ አያለሁ። ቀይና አረንጓዴ ግን ለእኔ አንድ ናቸው፣ ጭቃ የሚመስል ነገር። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ለማንም እንዳትነግሪ። ቀለም የማያይ ቀቢ ብለው ይስቁብኛል።»

በቲማቲሙ ያኮረፈችው ሁሉ ትዝ ብሏት ሰናይት መሳቅ ጀመረች። አይታው ደግሞ ሳቋን ዋጠች፤ ቃልም ገባችለት።

ከዚያ ወዲህ ቀይ ሲነፋ እሷ የሥራ ክፍሉ በር ደፍ ላይ ትቆማለች። ኮምፕሬሰሩ ያጓራል፤ እሱ መርጫውን ይዞ ጎንበስ ይላል፤ ወደ ውጭ፣ ወደ ጠርዙ ብቻ ይነፋል፤ መሐሉን አያስነካም። «በቃ በይኝ» ይላታል። እሷም ከደፉ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል ታይና ልክ ሲደርስ «በቃ!» ትለዋለች። በዚያች ቃል እጁ ወዲያው ይቆማል። እጁ የሱ፣ ዓይኑ የሷ ነበር። አንድም ሰው አላወቀ፣ አንድም ጊታር ቅርጫ አልሆነ።

አንድ ቀን «ዳሩን ለምን ታጠቁረዋለህ?» ብላው ነበር።

«ጠርዙ ላይ መጋጠሚያው አለ፣ የእኔም ስህተት አለ። ጥቁሩ እዚያ ይረፍ» አላት። «መሐሉን ግን ማንም እንዳያጠቁርብኝ።»

ማሰቧን እዚህ ስታደርስ ተነሳች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቡና ያለበትን ፔርሙስ አንስታ «ጋሼ፣ አንዴ ከጓሮ» ብላ አክሊልን ጠራችው።

የሥራ ክፍሉ ውስጥ ድስት፣ የሽንኩርት ልጣጭና የዘይት ጀሪካን ሞልቷል። በላይ በኩል፣ ሽቦው ላይ፣ ገና ቀለም ያልነካቸው ሁለት ነጭ ጊታሮች ተሰቅለዋል። አክሊል የዘይት ጀሪካኑ ላይ ተቀመጠ። ቡናውን ቀዳችለትና ሳትንደረደር ነገረችው።

«ከፍያለው ቀይ አያይም ነበር፣ ጋሼ። ቀዩን ልክ ሲሆን በቃ የምለው እኔ ነበርኩ። ያንተን መላ ያልወደድኩት ለዚህ ነው። ይኼን ጊታር እኔ ልጨርሰው እችላለሁ። እችል እንደሆነ እንጃ... ዓይኑ አለኝ። እጁን አላውቅም።»

አክሊል ስኒውን ጉልበቱ ላይ አኖረ። ለራሱ እንደሚያወራ «ባንዲራው» አለ።

«የምን ባንዲራ?»

«ከፍያለው አራተኛ ክፍል ሆኖ መምህሩ ባንዲራ ሳሉ ብሎ አዘዘ። ይኼ ጉድ ቀዩን ከላይ፣ አረንጓዴውን ከታች አድርጎ ቀብቶ ሄደ። ባንዲራ አዋረድክ ተብሎ በሰልፍ ፊት ተገረፈ። አባታችን ደግሞ ቤት ደገመው። እኔ...» አክሊል አንገቱን ደፋ። «እኔ ሆን ብሎ ያደረገው መስሎኝ እንደ ጀግና ነበር ያየሁት። ስንት ዓመት ሙሉ እንዴት ደፈርክ እያልኩ ስቄበታለሁ። እሱም ዝም ብሎ አብሮኝ ይስቅ ነበር።»

«ለእኔም አልነገረኝም» አለች ሰናይት።

«ምን ይበል? ሳላውቅ ገለበጥኩት ይበል?»

ተያዩ። መጀመሪያ የሳቀችው ሰናይት ናት፤ በሰልፉ ፊት የተገለበጠውን ባንዲራ ይዞ የቆመው ልጅ ታይቷት። አክሊልም ተከተላት። ቡናው ልብሱ ላይ ፈሰሰና ይብስ ሳቁ። ሳቁ እንባ ይዞ መጣ፤ ይኼኛው እንባ ግን ከድንኳኑ እንባ ቀለል ያለ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ጆሮውን አቆመ። እትዬ በዛብሽ ማማሰያዋን እንደያዘች ብቅ ብላ «በስመ ሥላሴ! ሐዘኑ ጭንቅላታቸው ላይ ወጣ!» አለች።

«እትዬ በዛብሽ፣ ነይ ግቢ» አለቻት ሰናይት እንባዋን እየጠረገች። «የሥራ ክፍላችንን መልሽልኝ። ድስትሽን ሁሉ አውጪ።»

እትዬ በዛብሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ታዝዛ ድስት ማውጣት ጀመረች። ወለሉን ራሷ ጠረገች፣ እጇንም ሳይነግሯት በሳሙና ታጠበች። ሰናይት ዘይቱ ወደ እንጨቱ ሳይሰርግ በንጹሕ ጨርቅ ቲነር እያስነካች የጣቶቹን አሻራ አሸችው፤ በብርጭቆ ወረቀትም ቀስ አድርጋ ፈተገችው። ቢጫው እዚያች ቦታ ላይ ገረጣ፤ ግን ጠርዝ ላይ ነው። ጥቁሩ የሚያርፍበት ቦታ ነው።

በማግስቱ የዕድሩ ወንዶች ድንኳኑን አወረዱ። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ግቢው ጭቃ ነው፤ ፀሐይዋ ግን ወጥታ ሁሉን ማድረቅ ጀምራለች። ዶርቃ በቦዳ ቦዳ ሞተር ተጭና መጥታ ከበሩ ውጭ ቆማለች። አክሊል ሻንጣውን ዘግቶ የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ ጊታሩን ጠረጴዛው ላይ አንገቱን ያዘ።

«ከፈለግሽ ደፉ ላይ ልቁምልሽ» አላት። «እኔ ቀይ አያለሁ፣ በቃ ልበልሽ።»

«አይ ጋሼ፣ አንተ እዚሁ ያዝልኝ።»

እትዬ በዛብሽ ልታይ ብላ ደፉ ላይ ስትቆም ሰናይት መርጫውን እንደያዘች ዞረችባት። «እዚያ አትቁሚ፣ እትዬ» አለቻት በልመና። እትዬ በዛብሽ ገብቷት ይሁን ፈርታ፣ ብቻ ወደ ጎን አለች።

ኮምፕሬሰሩ አጓራ። ሰናይት የመጀመሪያውን ርጭት አየር ላይ አባከነችው። ከዚያ ጎንበስ አለች። ወደ ውጭ፣ ወደ ጠርዙ። ስንት ዓመት ከደፉ ላይ ያየችው እጅ ነው፤ ትከሻው እንዴት ዝቅ እንደሚል፣ የት ጋ እንደሚፈጥን ታውቀዋለች። ቀዩ እንደ ጉም ወረደ። ቢጫው ላይ ዞሮ ዞሮ ተኛ። ለመድረቅ ፋታ ሰጠችው፤ ቀጥላ መርጫው ውስጥ ጥቁሩን ሞልታ ጠርዙን ዙሪያውን ነፋች። የእትዬ በዛብሽ ጣቶች አንድ በአንድ ሰጠሙ።

«ኧረ ሆነ!» አለ አክሊል በደስታ። ዶርቃ ከበሩ ላይ እልል ልትል አፏን ከፍታ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲላት በእጇ ሸፈነችው።

ሰናይት ግን እጇ አልቆም አላት። እዚህ ጋ ትንሽ፣ እዚያ ጋ ትንሽ ጨምሪ ይላታል። ትንሽ ብትጨምር መሐሉ መጥቆር ይጀምራል፤ ታውቃለች። ብታቆም ደግሞ የጀመረው ሥራ አለቀ ማለት ነው። ኮምፕሬሰሩ ያጓራል፣ እሷ ትጠብቃለች።

ወደ ኋላዋ ሄደች። የመርጫው ቱቦ ወለሉ ላይ እየተጎተተ ተከተላት። ደፉ ላይ፣ እንጨቱ በእግሯ ባለቀበት ቦታ ላይ ቆማ ዞረች። ከዚህ ሲታይ ጀንበሩ ሙሉ ነው፤ መሐሉ ያበራል፤ ቀዩ ልክ ነው፤ ቅንጣት አይጨመርበትም። ሁለቱ ነጭ ጊታሮች ከበላዩ ተራቸውን ይጠብቃሉ።

«በቃ!» አለች ጮክ ብላ፣ ወደ ጠረጴዛው፣ እንደ ሁልጊዜው።

መርጫው በራሷ እጅ ላይ መሆኑን ያስተዋለችው ያኔ ነው። ጣቷን ከቃታው ላይ አነሳች።