ሐምራዊ ነጥብ

በ1970 ዓ.ም. መካኒሳ ውስጥ ልጅ የሚወለደው በሰዓት እላፊ ነበር፤ ምጥ ቀን ቀን መምጣት የተከለከለ ይመስል። በዚያ ሰዓት ከቤት የወጣ ስለሚተኮስበት እናቶች በጎረቤት እጅ ይገላገሉና ሲነጋ ሕፃኑን ታቅፈው እኔ ነርስ ወደሆንኩበት ክሊኒክ ይመጣሉ። እኔም ለሕፃኑ ቫይታሚን ኬ እወጋዋለሁ። አዲስ የተወለደ ልጅ ደም የሚያረጋው ነገር በሰውነቱ ገና አልሞላም፤ ያ መርፌ ካልተሰጠው አንዳንዱ በትንሽ ቁስል ደሙ አልቆም ይላል።

መድኃኒቱ ጥቂት ስለነበር አንዱን ልጅ ሁለቴ እንዳልወጋ ብዬ የተወጋውን ሁሉ ጭኑ ላይ፣ ጂቪ በምንለው ሐምራዊ የቁስል መድኃኒት ነጥብ አደርግበት ነበር። የሰፈሩን ገራዥ አቶ ሂርጳንም «ነጥቡን ሳያዩ ምላጭ እንዳያነሱ» ብዬ አስጠነቀቅኳቸው፤ ቃላቸውንም ጠበቁ። ብልህ ነኝ ብዬ ኮርቼ ነበር! ሰው ግን መርፌውን ትቶ ነጥቡን ያዘ። ነጥብ ያለበትን ልጅ ደም አይደፍረውም ይባል ጀመር። ሰምቼ ሳቅሁ። ያን ሳቄን እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ።

አንድ ሐሙስ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ጫልቱ የምትባል የላፍቶ ገበሬ ልጅ የስምንት ቀን ሕፃኗን በነጠላ ጠቅልላ ገባች። ጎረቤቷ እትዬ በቀለች ተከትለዋታል። ነጠላውን ስገልጠው ደም በደም ነው። በማለዳ ተገርዞ ደሙ እስካሁን አልቆመም። ጭኑን አየሁ፤ ነጥቡ አለ። ልጁን ግን ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም።

«ይህን ማነው የቀባው?»

«እኔ ነኝ፣ ሲስተር» አሉ በቀለች። «ለልጅ ልጄ አፍ ቁስል የሰጡኝ ተርፎ ነበር። እሷ እዚህ መምጣት ፈራች፤ እኔም ያው ነው ብዬ...»

ለምን እንደፈራች አልጠየቅኩም። የቀበሌው ጥበቃ አባይነህ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ በራችን ላይ ይቀመጣል፤ የሚገባውን ሕፃን ሁሉ የአባቱን ስም ይመዘግባል። የጫልቱ ባል ኢታና ከሚፈለጉት አንዱ ከሆነ ሦስት ወሩ ነው።

ልጁን ወጋሁት፤ ቁስሉንም በጥጥ ተጫንኩት። ቫይታሚን ኬ ግን ወዲያው አያቆምም፤ ጉበት ሥራውን እስኪሠራ ሰዓታት ይወስዳል። ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ። የሕፃኑ ከንፈር ሲነጣ ሳይ ግን እውቀቴ ሁሉ ጠፋ። ፈራሁ።

«ሆስፒታል መሄዱ አይቀርም» አልኩ። «እዚያ ደግሞ ደም የሚሰጥ ዘመድ ይዛችሁ ኑ ነው የሚሉት። አንቺ አራስ ነሽ፣ ካንቺ አይቀዱም። ሌላ ዘመድ የለሽም?»

ጫልቱ በቀለችን አየቻቸው። በቀለች መሬት መሬት አዩ።

«እትዬ፣ ይሂዱና ይንገሩት» አለች በቀስታ።

ማንን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። «ቆዩ፣ ትንሽ እንጠብቅ» ማለት እችል ነበር። አላልኩም።

በቀለች ሲወጡ አባይነህ ገባ። ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ ጥጥ ያቀብለኝ ጀመር። «ይተርፋል?» አለኝ፤ ድምፁ የእውነት ያዘነ ሰው ድምፅ ነው። የአባትየውን ስም ሲጠይቃት ጫልቱ ወደ ልጁ አጎነበሰች።

«ግድ የለም» አለ። «ሲመጣ እመዘግበዋለሁ።»

ጥጡን ለውጬ ቁስሉን መጫን ቀጠልኩ።

ሰባት ሰዓት ላይ ደሙ ጠብ ጠብ ማለት ብቻ ቀረው። ስምንት ሰዓት ሲሆን ጥጡ ንጹሕ ሆኖ ተነሳ፤ ልጁም ጡት ያዘ። ጫልቱ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ኢታናን ሳይደርስ የማስቆምበት መንገድ ይኖር ይሆን ብዬ ወደ በሩ ስሮጥ ራሱ ገባ።

ከጎፋ ድረስ ሮጦ ላብ አጥምቆታል። የሸሚዙን እጅጌ ገና ከመንገድ ጠቅልሎታል። አባይነህን አየው፤ ግን አልቆመም። ክንዱን ዘረጋልኝ።

«ሲስተር፣ የፈለጉትን ያህል ይቅዱ።»

አባይነህ ጠመንጃውን አነሳ። «ኢታና አይደለህም? ና፣ ትንሽ የምንጠይቅህ ነገር አለ።»

«እሺ፣ ደሙን ልስጥና...»

«ልጅህ ድኗል» አልኩት። «ደምህ አላስፈለገም።»

ኢታና ልጁን አየው። ፈገግ አለ፤ በእውነት ደስ ብሎት ነበር። እጅጌውን መልሶ ቁልፉን እየቆለፈ ከአባይነህ ፊት ፊት ወጣ።

ጫልቱ ልጇን ከጡቷ ሳትነጥል ቀና ብላ አየችኝ።

«መቼ ይመልሱታል፣ ሲስተር?» አለችኝ፤ ሁሉን የማውቅ መስዬያት።