ቀይ ጃንጥላና የላይያንግ ፒር

እትዬ ጆንግ ሜይጆው ገበያ መሀል ቆመው ቀዩን የዘይት ወረቀት ጃንጥላ በሁለት እጃቸው ሲዘረጉልኝ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ።

የእጮኛዬ የሻውፌንግ እናት ናቸው። ከሰሜን ቻይና፣ ከጂናን፣ እስከዚህ ደቡብ ድረስ የወረድኩት አይተውኝ ‘ትሁን’ ወይም ‘ትቅር’ እንዲሉ ነበር፤ እስከዚያች ሰዓት ግን አንዱንም አላሉም።

እንዳልወደዱኝ የጠረጠርኩት ከዋዜማው ነው። ከአገሬ ያመጣሁትን ፍራፍሬ፣ የላይያንግ ፒር፣ ሳቀርብላቸው አንዱን አንስተው፣ ቢላ ሳያስነኩ፣ እስከ ፍሬው ብቻቸውን በሉት። ልጃቸው እጁን ሲዘረጋ “የራስህን አንሳ” አሉት። ስስታም ናቸው አልኩ በሆዴ።

ገበያው ላይ፣ ለወላጆቼ የምወስደውን ስንመርጥ፣ ደህና ነበርን። በጨው የበሰለ ዶሮ ሳነሳ “ተይው፣ ይሄ ለቱሪስት ቀለም የተቀባ ነው” ብለው ከእጄ ነጠቁኝ። የደረቀውን የሰናፍጭ ጎመን ራሳቸው አሽትተው መረጡልኝ። በአንድ የቀርከሃ ቅርጫት ዋጋ ስሟገት ሻጩ ሳቀና፣

“ይቺ ምላሰኛ ናት ምራትዎ?” አላቸው።

“ገና ነው” አሉ።

ያቺ ‘ገና’ ደረቴ ላይ ተተክላ ሳለ፣ ሻውፌንግ ውሃ ሊገዛ ዞር እንዳለ ነው ጃንጥላውን ያመጡት።

በእኛ በሰሜን ለሰው ጃንጥላ አይሰጥም። በቋንቋችን ሳን ማለት ጃንጥላ ነው፤ ሳን ማለት መበታተንም ነው። ልጄን ተይልኝ ለማለት ከዚህ የጠራ ቃል የለም።

“ካልወደዱኝ በአፍዎ አይነግሩኝም?” አልኩ። “ጃንጥላ ሠሪውን ምን አደከሙት?”

“ምን አልሽ አንቺ ልጅ?”

“ሳን ነዋ። ተበተኑ እያሉኝ አይደል?”

ሻጮቹ ሁሉ ወደኛ ዞሩ።

“እኛ የደቡቦቹ ሃካዎች ጋ” አሉ ቀስ ብለው፣ “ሙሽራ ያለ ዘይት ወረቀት ጃንጥላ ከቤቷ አትወጣም። የዘይት ወረቀት በእኛ አፍ ሲጠራ ‘ልጅ ይኑርሽ’ ይመስላል። የእናንተ ሰዎች ይሄን ስለማያውቁ እኔ ልግዛላት አልኩ። ምራቴ ነሽ ልልሽ ነበር፣ ምላሰኛ።”

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ግን አልጨረሱም።

“ለመሆኑ ትናንት አንቺ ሊ ይዘሽልኝ ስትመጪ እኔ ምን አልኩ?”

ሊ። ፒር። ሊ፣ መለያየት።

የፒር አገር ልጅ ነኝ፤ ለእኛ ፒር ኩራት እንጂ ቃል ሆኖ አያውቅም። ስለ ሜይጆው ልማድ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤ የመጣሁት እኔ፣ የገዛ ቋንቋዬን ረስቼ ኖሯል።

“ቢላ ያላስነካሁት ለምን ይመስልሻል? ፒር የተካፈለ ይለያያል። ጥርሴን እያመመኝ ብቻዬን ጨረስኩት፣ ሦስታችንም እንዳንለያይ ብዬ።”

ጃንጥላውን በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

ከዚያ እናቴ ትዝ አለችኝ። ይህን ይዤ ብገባ ራሷን ትስታለች። እዚያው ቆሜ በምስል ደወልኩላት። ቀዩን ጃንጥላ ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ።

“አባረሩሽ?” አለች።

እትዬ ጆንግ ስልኩን ከእጄ ወሰዱት። “እትዬ፣ የላኩልን ፒር ይጣፍጣል” አሏት። “አንዱንም አልቆረጥነውም።”

ያን የፒር ካርቶን በእጇ ያሸገችው እናቴ ናት። “ሊ!” ብላ መዳፏን አፏ ላይ ጫነች።