ኦይታ ከልጁ ጋር ያልበላው ምሳ

በቤተ ክርስቲያናችን ከማረሚያ ቤት የሚወጡ ሰዎችንና ወላጆቻቸው የታሰሩባቸውን ልጆች የምንረዳ ጥቂት በጎ ፈቃደኞች አለን። የእኔ ሥራ መቀበልና ማድረስ ነው። ብዙ መናገር ስለማይሆንልኝ የሚስማማኝም ይኸው ነው።

የዚያን ቀን የተቀበልኳት ቤተልን ነው። የአጎቷ ሚስት ልክነሽ ከአንዲት ጎረቤት ጋር ከአገራቸው ከካምባ በአውቶቡስ ልካት በከተማችን ሲቀላ መናኸሪያ ጠበቅኳት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አባቷ ኦይታ ሲታሰር ገና መራመድ እየጀመረች ነበር። በእርሻ ድንበር ተጣልቶ ታላቅ ወንድሙን ዳልጮን ክንዱ ላይ በገጀራ መታው። እናቷ ቀድማ ሞታ ስለነበር ልጅቷን ያሳደጋት ያው የተመታው ዳልጮ ነው።

«ያውቀኛል?» አለችኝ ባጃጅ ውስጥ።

«ያውቅሻል።»

«አንተ በምን አወቅህ?»

«ይኸው፣ ማረሚያ ቤቱ ደረስን» አልኳት።

ኦይታ ከማረሚያ ቤቱ በር ሲወጣ አንድ ፌስታል ይዟል። ረጅም፣ የከሳ ሰው ነው። ልጅቷን ሲያይ ቆመ። ከዚያ ቀረብ ብሎ ራሷን በመዳፉ ነካና «እናትሽን መስለሻል» አላት። ቤተል እጁን ያዘች፤ ሲቀላ እስክንደርስ አልለቀቀችውም። ነገሩ እንዲህ ይቀላል ብዬ ስላልጠበቅኩ ደስ አለኝና የአባያ ዓሣ የሚጠበስበት ቤት አስገባኋቸው። ለሦስታችንም በአንድ ትሪ አዘዝኩ። አባትና ልጅ አብረው ከመብላት የተሻለ መጀመሪያ አልታየኝም።

ትሪው ሲቀርብ ኦይታ እጁን ሰበሰበ።

«እናንተ ብሉ።»

«ጋሽ ኦይታ፣ ይቅረቡ እንጂ።»

«አልበላም።»

ቤተል ጠቅልላ ጉርሻ ዘረጋችለት። «አባዬ፣ እንካ።»

ፊቱን አዞረ። ተነሥቶም ወጣና በረንዳው ላይ ብቻውን ተቀመጠ።

ልጅቷ ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሰችው። አላለቀሰችም። «ወደ አጎቴ መልሰኝ» አለችኝ። «እሱ አይፈልገኝም።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዲህ ያለውን ነገር ለሰብሳቢያችን እተወው ነበር። ቤተል ግን እኔን እኔን ታያለች። ተነሥቼ ወጣሁ።

«ልጅቷ አዝናለች» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

ቀና ብሎ አየኝ። «አንተ ጋሞ አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ። ያደግኩት ግን እዚሁ ከተማ ነው።»

«ያስታውቃል። እሷ የዳልጮን እህል በልታ ያደገች የዳልጮ ቤት ሰው ናት። እኔና እሱ ገና ዱቡሻ ላይ፣ ሽማግሌ ፊት አልታረቅንም። ሳንታረቅ ከቤቱ ሰው ጋር ከአንድ ትሪ ብበላ ጎሜ ነው፤ አባቶች የከለከሉትን መድፈር ነው። ክፉው የሚደርሰው በሷ ነው።»

«ይህን ለምን አይነግሯትም?»

«ዳልጮ አልታረቅም ቢልስ? ‹ከልጄ ጋር አትኖርም› ቢልስ? ምን ብዬ ተስፋ ልስጣት?»

ልክነሽ የሰጠችኝ የዳልጮ ቁጥር ነበረኝ። ደወልኩለት። ማን እንደሆንኩ ነገርኩት።

«ልጄ ደረሰች?» አለ።

«ደርሳለች። አባቷ ግን አብሬ አልበላም አለ። ከእርስዎ ጋር ሳልታረቅ አይሆንም ብሎ።»

በስልኩ ውስጥ ፍየል ሲጮኽ ይሰማል።

«እንዲህ በል ብለህ የመከርከው አንተ ነህ?»

«እኔማ አላውቅም ነበር። በአንድ ትሪ ያዘዝኩት እኔ ነኝ።»

ሳቀ። «አይ የከተማ ልጅ፣ ልታስፈጀን ነበር እኮ።» ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «ምንም እንዳልተፈጠረ ቁጭ ብሎ ቢበላ ኖሮ ፊቱን አላይም ነበር። እስቲ ልጅቷን አገናኘኝ።»

ቤተል ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ለረጅም ጊዜ አዳመጠች። ስትጨርስ በረንዳው ላይ ከአባቷ ትንሽ ራቅ ብላ ተቀመጠች።

«አጎቴ ሽማግሌዎቹን እጠራለሁ ብሏል። ነገ እንሄዳለን» አለችው።

ኦይታ ፊቱን ሸፈነ።

በማግስቱ ሦስታችንም ወደ መንደራቸው ሄድን። ዱቡሻው በመንደሩ መሐል ያለ፣ ሰው የሚሰበሰብበት ሜዳ ነው። ሽማግሌዎቹ ለእርቁ እርጥብ ሣር ይዘው ቆሙ። ኦይታ ወንድሙ እግር ሥር ተንበረከከ። የዳልጮ ግራ እጅ አይታጠፍም፤ በቀኙ የወንድሙን ብብት ይዞ አነሣው።

«ከስተሃል» አለው። «አሁንማ በአንድ እጄም እጥልሃለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ኦይታ አለቀሰ።

ከምርቃቱ በኋላ አንዱ ሽማግሌ ልጅቷ ከማን ጋር እንደምትኖር ጠየቁ። ወንድማማቾቹ ተያዩ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሏት ሽማግሌው።

ቤተል አሰበች። «የአባዬ ቤት ጣሪያው ያፈሳል። እስኪሠራ አጎቴ ቤት አድራለሁ። ሲሠራ ወደ አባዬ እሄዳለሁ።»

«ነገ እንጀምረዋለን» አለ ዳልጮ።

ኦይታ ቤቱን ለማየት በድሮው መንገድ ሊወርድ ሲል ቤተል እጀታውን ጎተተችው።

«በዚያ አይደለም፤ አሁን እንሰት ተተክሎበታል። በዚህ በኩል ነው።»

ቀድማው ሄደች። እሱም መንገዱን እያየ ተከተላት።