የታናሹ ቤት

ቡሩልቻ የብረቱን በር በጡጫ መምታት ሲሰለቻት በጫማዋ ተረከዝ ቀጠለች። ውስጥ ሰው እንዳለ ታውቃለች። ከጣሪያው ጭስ ይወጣል፣ ቴሌቪዥን ይሰማል፤ እሷ ባንኳኳች ቁጥር ደግሞ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ዝቅ ይላል።

"እትዬ ቡሩልቻ፣ ይተዉት። አይፈልጉኝም ማለት ነው" አላት ከኋላዋ የቆመው ኬንጄቤክ።

"አንተ ዝም በል። እኔስ መች ፈለግሁህ? ሥራዬ ሆነህብኝ ነው እንጂ።"

ኬንጄቤክ ሳይወድ ፈገግ አለ። ከእስር ቤት ከወጣ ገና ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። የለበሰው ጃኬት የማኅበሩ ስጦታ ስለሆነ እጅጌው አጥሮበታል፤ እሱም እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ግራ ገብቶት አንዴ ኪሱ ይከታቸዋል፣ አንዴ ወደ ኋላው ያጣምራቸዋል። ቡሩልቻ ወደ ኋላ ሲያጣምር ስታየው ትናደዳለች። አምስት ዓመት ሙሉ በዘብ ፊት እንዲያ ነበር የሚሄደው።

ቶክሞክ ከተማ ውስጥ የእሷን ማኅበር የማያውቅ የለም። ከእስር የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ዘመድ ነው፤ ዘመድ በሩን ሲዘጋበት ወደ ቡሩልቻ ይመጣል። ሰው ሁሉ ከባዱ ነገር ሥራ ማግኘት ይመስለዋል። ሥራማ አግኝታለታለች። ገበያው ጀርባ ያለችው ዳቦ ጋጋሪ ማስቱራ ሰው ጠፍቶባታል፤ ኬንጄቤክ ደግሞ እስር ቤት ሳለ ሊጡን በጭቃው ምድጃ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ተምሯል። ነገር ግን የጤና ካርድ የሌለው ሰው ሊጥ አይነካም። የጤና ካርድ የሚሰጠው ክሊኒክ ደግሞ የተመዘገበ አድራሻ የሌለውን ሰው አይቀበልም፤ ለታመመው ሳንባው መድኃኒትም ቢሆን፣ ለድጎማም ቢሆን መልሱ ያው ነው። አድራሻ ማለት ደግሞ አንድ ቤት ያለው ሰው በእግሩ መጥቶ፣ የምዝገባው መስኮት ፊት ቆሞ፣ "እኔ ዘንድ ይኖራል" ማለት ነው።

የመንግሥት አገልግሎቱ መስኮት ሊዘጋ ሁለት ሰዓት ያህል ቀርቶታል። ማስቱራም ቁርጡን ነግራታለች፤ ነገ ጠዋት ካልመጣ ቦታውን ለእህቷ ልጅ ትሰጣለች።

በመጨረሻ በሩ ገርበብ አለ። የኬንጄቤክ ወንድም ሚስት ዲልዴ ናት። በጨርቅ ላይ ያደረገችውን ክብ ዳቦ በሁለት እጇ ይዛለች። ደጅ የመጣ ሰው ዳቦ ሳይቀምስ አይሸኝም፤ እስከ በሩ ድረስ ይዞ መውጣት ግን ቀምሰህ ሂድ ማለት ነው። ለመንገደኛ እንዲያ ይደረጋል። እዚህ ቤት ለተወለደ ሰው ሲደረግ ቡሩልቻ አይታ አታውቅም።

"ቅመሱ" አለች ዲልዴ መሬት መሬት እያየች።

ኬንጄቤክ እጁን ዘረጋ። ቡሩልቻ ቀደመችውና ትልቅ ቁራሽ ገምሳ አፏን ሞላች።

"ይጣፍጣል። ሻይ ግን ይፈልጋል" አለችና እያኘከች በዲልዴ ትከሻ አጠገብ ሹልክ ብላ ገባች። "ና ግባ አንተ፣ ምን ይገትርሃል?"

ታላቅየው ሱዩንባይ ትራክተር ጠጋኝ ነው። ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ሲጠብቅ እንደነበር ያስታውቃል፤ ቴሌቪዥኑን እያየ ግን ምንም አላየም። ወንድሙን ሲያየው ከመቀመጫው ተነሣ፣ ሊያቅፈው ይመስል እጁን ዘረጋ፣ መለስ አለና ጨበጠው።

"ከሳህ" አለው።

"አንተ ደግሞ ወፍረሃል፣ ጋሼ።"

ዲልዴ ሻዩን ቀዳች፤ ስልባቦቱንም ሳትወድ አቀረበች። ቡሩልቻ ሻዩ እስኪበርድ የምትጠብቅበት ትዕግሥት አልነበራትም።

"ለስድስት ወር ብቻ" አለች። "ጊዜያዊ ምዝገባ። እዚህ አያድርም፤ ዳቦ ቤቱ ማደሪያ አለው። ዛሬ አብረኸን መጥተህ ትፈርማለህ፣ በቃ።"

"ዛሬ አድራሻ ነው፣ ነገ አልጋ ነው፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ውጡልኝ ነው" አለች ዲልዴ። "እኔን ክፉ ትሉኝ ይሆናል። በሉኝ። ሦስት ልጆች አሉኝ።"

"የቤቱ ወረቀት እኮ በባልሽ ስም ነው። ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው።"

"ሕጉን ማን ፈራው፣ እትዬ?" አለ ሱዩንባይ። "የምፈራው ሰፈሩን ነው። ሽማግሌዎቹ ወረቀት አያነቡም።"

ቡሩልቻ ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቷታል። የወላጅ ቤት የታናሹ ወንድ ልጅ ነው። ታላላቆቹ ያገባሉ፣ ይወጣሉ፣ የራሳቸውን ይሠራሉ፤ ታናሹ ግን እናት አባቱን ጦሮ፣ ቀብሮ፣ ምድጃቸውን ይወርሳል። ኬንጄቤክ የተሰረቁ ፈረሶች በጭነት መኪና ሲያጓጉዝ ተይዞ ሲታሰር እናትየው ብቻዋን ቀረች። ሱዩንባይ ጀምሮ ያልጨረሰውን ቤቱን ሸጦ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደዚህ ገባ። እናቱን አልጋ ላይ ሳለች አገላበጣት፣ አጠባት፣ ቀበራት። አሁን የሚሄድበት የለውም። በሰፈሩ ዓይን ግን ዛሬም የወንድሙን ቤት የያዘ ሰው ነው።

"እንግዲያው ይማል" አለች ዲልዴ ድንገት። "ዳቦ ይዞ ይማል።"

ሱዩንባይ ሚስቱን ቀና ብሎ አያትና አንገቱን ደፋ። ይተው አላለም።

እዚያ አገር ሰው የፈረመውን ሊያፈርስ ይችላል። ዳቦ ይዞ የማለውን አያፈርስም። ልጆች እንኳ ሲጫወቱ "ዳቦ ይምታኝ" ካሉ በጥፊ ይባላሉ። ቡሩልቻ ይህን ታውቃለች፤ ማለት የነበረባትንም ታውቃለች። የስድስት ወር አድራሻ ለማግኘት ሰው የአባቱን ቤት ለዘላለም አልጠይቅም ብሎ አይምልም፤ ተነሥ እንሂድ ልትለው ይገባ ነበር። ግን ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ማስቱራን አሰበች፣ ክሊኒኩን አሰበች፣ ባለፈው ክረምት አድራሻ አጥቶ መድኃኒቱን ያቋረጠውን ሌላውን ልጅ አሰበች። ዝም አለች። ዝም በማለቷም ያን ጊዜውኑ አፈረች።

ኬንጄቤክ ዳቦውን በሁለት እጁ አነሣ። መሐላው ከሱ ሳይሆን ከሌላ ሰው የሚፈለግ ይመስል ረጋ ብሎ ነበር።

"ከዚህ ቤት ጡብ፣ ከዚህ ግቢ አፈር የኔ ነው ብዬ ብጠይቅ፣ ዳቦ ይምታኝ" አለ። ዳቦውን ወደ ቦታው ሊመልስ ሲል ቆም አለና፣ "ለእናታችን ቁርኣን ሲቀራ ግን ጥሩኝ። ቀብሯ ላይ አልነበርኩም" ብሎ ጨመረ።

ዲልዴ ጨርቁን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች፤ ብዙ ቆየች። ሱዩንባይ ጫማውን ለማሰር ጎንበስ አለ። አንዱን ማሰሪያ ሦስት ጊዜ አሰረው።

ሚኒባሱ ሞልቶ ስለነበር ሦስቱም የኋላ ወንበር ላይ ተጣብቀው ተቀመጡ። ሱዩንባይ መሐል ነው። ሾፌሩ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር የሁለቱ ወንድማማቾች ትከሻ ይጋጫል።

"ሳንባህ እንዴት ነው?" አለ ሱዩንባይ ፊት ለፊቱን እያየ።

"ይሻላል። መድኃኒቱን ካላቋረጥኩ ይድናል ብለውኛል።"

"ዳቦ መጋገር ከየት አመጣኸው? እማማ ምድጃው አጠገብ አታስደርስህም ነበር እኮ።"

"የድርቆሹን ክምር አቃጥዬባት ነዋ።"

"ድርቆሹን ብቻ? ዶሮዎቹስ?"

"ዶሮዎቹ አመለጡ። ስሜን አታጥፋ።"

ሱዩንባይ በአፍንጫው ሳቀና ወዲያው ፊቱ ጠቆረ። ቡሩልቻ ወደ መስኮቱ ዞረች። ቶሎ ደርሰው፣ ቶሎ ተፈራርመው፣ ሁለቱንም ሰዎች ዛሬ ዳግመኛ ባታያቸው ደስ ባላት።

የምዝገባው መስኮት ጋ የደረሱት ጽዳት ሠራተኛዋ ወንበሮቹን መገልበጥ ስትጀምር ነው። ጸሐፊዋ ቡሩልቻን ስታያት በረጅሙ ተነፈሰች።

"እትዬ ቡሩልቻ፣ ሁልጊዜ መዝጊያችን ላይ! እስቲ ባለቤቱ መታወቂያዎን። አንተም አምጣ።" ጻፈች፣ ጠየቀች፣ ጻፈች። "ምዝገባው ጊዜያዊ ነው ቋሚ?"

በዚህ መስኮት ለሁሉም የምትመልሰው ቡሩልቻ ናት። ጸሐፊዋም የጠየቀችው እሷን እያየች ነው። ጊዜያዊ የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር፤ የተስማሙትም ያንኑ ነው። ብትለው ሁሉም ነገር ባንድ ቃል ያልቃል፣ ነገ ጠዋት ልጁ ምድጃው ፊት ይቆማል። ዝም ብትል ሱዩንባይ ሐሳቡን ቀይሮ ጥሏቸው ሊወጣም ይችላል። ዛሬ አንዴ መናገር ባለባት ቦታ ዝም ብላለች።

"ምነው፣ ምን ልበል?" አለች ጸሐፊዋ።

"እኔ ባለቤት አይደለሁም" አለች ቡሩልቻ። "ባለቤቱን ጠይቂው።"

"ጊዜያዊ ነው" አለ ኬንጄቤክ ቶሎ ብሎ። "ለስድስት ወር።"

"አንተን አልጠየቀችህም" አለው ሱዩንባይ።

የትራክተር ዘይት የጠጣ ጣቱን መስኮቱ ደፍ ላይ አሳረፈ። ጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ይዛ እግራቸው ሥር ደረሰች፤ አንዳቸውም አልተነቃነቁላትም።

"ቋሚ ብለሽ ጻፊ።"

"ጋሼ፣ ቋሚ ከሆነ በኋላ ላስወጣው ቢሉ አስቸጋሪ ነው። ያውቁታል?"

"ለዚህ እኮ ነው ቋሚ የሚባለው። ጻፊ።"

ሱዩንባይ እስክሪብቶውን ተቀበለ፣ የሚፈርምበትን ቦታ ፈለገ፣ ከዚያም ቀና ሳይል ቡሩልቻን ጠራት።

"እትዬ።"

"ወይ።"

"ለዲልዴ የሚነግሯት እርስዎ ነዎት" አለና ፈረመ።