ያልተነካው ይትባረክ

ቲቶ ከይትባረክ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የተጋጠመ ዕለት ሦስት ዙር ሙሉ ቡጢ ሲሰነዝር ቆይቶ አንዱን እንኳ ፊቱ ላይ ማሳረፍ አልቻለም። ጊዜው የ2003 ዓ.ም. ጥቅምት ነበር፤ ቦታው ሚዛን ተፈሪ፣ የከተማው አዳራሽ። በሁለተኛው ዙር መጨረሻ ያለ የሌለ ኃይሉን አሰባስቦ የወረወረው ቀኝ እጁ ይትባረክን ስቶ ራሱን ቲቶን ይዞት ሄደና በደረቱ ገመዱ ላይ ተንጠለጠለ። ይትባረክ ከኋላው መጥቶ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው፤ የሚያለቅስ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ።

ይትባረክ የሚዛን ልጅ ነው፤ አባቱ ከሰሜን መጥተው እዚያው የቀሩ መምህር ናቸው። ረጅምና ቀጭን፣ ለዓይን የሚያምር ቡጢኛ ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ ማንም አላሸነፈውም። ሊመቱት ሲሉ የለም፤ የት ገባ ሲሉ አጠገባቸው ነው። በግራ እጁ ነካ ያደርግና ነጥቡን ይዞ ይሰወራል። የከተማው ሰው "ጉሙ" ይለዋል፣ ጉምን ማን ጨብጦ ያውቃል በሚል።

ቲቶ ደግሞ የቴፒ ሰው ነው፣ የሸኮ ብሔረሰብ ተወላጅ። ዕድሜው ሃያ ስምንት፤ ቡጢ ለመጀመር የረፈደ ዕድሜ። ሥራው ጣውላ መሰንጠቅ ነው። ግንዱን ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ያስተኙና አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች ሆነው ትልቁን መጋዝ ሲስቡ ይውላሉ። ቲቶ ዘጠኝ ዓመት ከታች ቆሞ ስቧል። ትከሻውም ወገቡም ከዚያ የመጣ ነው። ፍጥነት የሚባል ነገር ግን አልፈጠረበትም።

መሸነፉንስ ቻለው። ያ ትከሻውን ቸብ ቸብ ያደረገው እጅ ግን እንቅልፍ ነሳው። ሰኞ ጠዋት ጓንቱን ጠቅልሎ አሰልጣኙ ጋሽ አለሙ ዘንድ ሄደ፤ ሊመልስላቸው።

ጋሽ አለሙ በቀድሞው ሠራዊት ቡጢኛ የነበሩ፣ ሠራዊቱ ሲበተን ቴፒ መጥተው የስፖርት መምህር የሆኑ ሰው ናቸው። ጓንቱን ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስትመታው ምኑን ነው የምታየው?"

"ፊቱን ነዋ፣ ጋሼ።"

"እጅህ ሲደርስ ፊቱ እዚያ አለ?"

"የለም።"

"ታዲያ በሌለ ነገር ላይ ሦስት ዙር ሙሉ ምን ትሠራ ነበር?"

ቲቶ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ጓንቱ ዓይኑን መለሰ።

"ሚያዝያ ላይ እንደገና ትገጥመዋለህ" አሉት። "ያሸነፈ ሐዋሳ ሄዶ በክልሉ ሻምፒዮና ይወዳደራል። መቼም ሃያ ዓመት ባሠለጥንህ ከዚያ ልጅ ፈጣን አትሆንም። ስለዚህ ማሳደዱን እንተውና መውጫውን እንዝጋበት።"

ቲቶ ጓንቱን ሳይመልስ ቀረ።

በማግስቱ ጋሽ አለሙ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ በኖራ አራት ማዕዘን አሰመሩ። ትሁት የምትባል የከተማው የመረብ ኳስ ተጫዋች ጠርተው መሐል አቆሟት። የቲቶን ሁለት እጆች በጨርቅ የኋሊት አሰሩ።

"ሳትነካት ከአራቱ ጥግ አንዱ ውስጥ አስገብተህ አቁማት" አሉት። "ያንን እስክትችል ጓንት አታጠልቅም።"

ትሁት ቀላል ልጅ አልነበረችም። ወደ ግራ የምትሄድ መስላ በቀኝ ታልፈዋለች። ቲቶ እጁ የኋሊት እንደታሰረ ሲንደረደር ኖራውን ጥሶ ይወጣል፤ አንዳንዴም ሚዛኑን ስቶ በአፍጢሙ ይደፋል። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆነ። ለወሬ የሚመጣው ሰውም በዛ። በመጨረሻ ትሁት አዘነችለት። ሁለቱም የአንድ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ስለነበሩ "ወንድም" ነበር የምትለው።

"ወንድም ቲቶ፣ እግሬን ስታይ አታልልሃለሁ" አለችው ላቧን እየጠረገች። "ዓይኔን ካየህማ የባሰ ነው። ወገቤን እይ። ወገቤ ሳይዞር እኔ የትም አልሄድም። እኔም መረብ ላይ ተጋጣሚዬን የምጠብቃት እንደዚያ ነው።"

ቲቶ ወገቧን ማየት ጀመረ። ትልልቅ እርምጃውን ተወና በትንንሹ፣ ወደ ጎን፣ መውጫዋ ላይ ቀድሞ መቆም ለመደ። ጥር ሲገባ ትሁት ጥግ ውስጥ ገብታ መቆም አበዛች። አንድ ቀን ለአምስተኛ ጊዜ ሲያጣብቃት "በቃ፣ ጨርሰሃል" ብላ ኖራው ላይ ተቀመጠች።

ያኔ ጋሽ አለሙ እጁን ፈቱለት። የአሸዋውን ከረጢት አንገቱ ላይ በጥቁር ቀለም ከበቡና ከዚያ በላይ መምታት ከለከሉት።

"ጭንቅላቱን ተወው። ክንዱን ካገኘህ ክንዱን፣ ትከሻውን ካገኘህ ትከሻውን፣ ጎኑን ካገኘህማ እሰየው። ለዚህ ዳኞቹ ብዙም ነጥብ አይሰጡህም። የመጀመሪያውን ዙር ትሸነፋለህ፤ ሰውም ይስቅብሃል። ይህንን ከአሁኑ ተቀበል።"

ቲቶን የከበደው ይኼኛው ነበር። ድካሙን ይችላል፤ ዱላውንም ይችላል። ያንን ሳቅ ግን ሁለተኛ ለመስማት አንጀቱ አልቻለም። ወሩን ሙሉ ግንድ ሲሰነጥቅ፣ ከላይ የሚወርደው ብናኝ ፊቱን ሲያለብሰው፣ የሚያስበው ስለ ሳቁ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ከመጋዙ ላይ ቀና ብሎ "ይሳቁ እንግዲህ" አለ ለራሱ። ከዚያ ወዲህ ቀለለው።

ሚያዝያ መጣ። እሑድ ከሰዓት የሚዛኑ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ከቴፒ በአይሱዙ ተጭነው የመጡ ሠላሳ ያህል መዘምራን አንዱን ጥግ ይዘዋል፤ ትሁት ከፊት ተቀምጣለች።

የመጀመሪያው ዙር ጋሽ አለሙ እንዳሉት ሆነ። የይትባረክ ግራ እጅ ይመጣል፣ ይነካል፣ ይሄዳል። የቲቶ ግንባር ቀላ። ቲቶም ያገኘውን መታ፤ ክንዱን፣ ክርኑን፣ ትከሻውን።

"ክንዱ ምን በደለው?" አለ አንዱ ከኋላ። አዳራሹ ሳቀ።

የቲቶ ጆሮ ጋለ። ያ ትልቁ ቀኝ እጁ ልሂድ ልሂድ አለው። ያዘው።

ደወሉ ተደውሎ ጥጉ ላይ ሲቀመጥ ጋሽ አለሙ ውሃ አፈሰሱበት።

"ክንዱ እንዴት ነው?"

"ቀልቷል።"

"ሂድና ያንኑ ቀጥል።"

በሁለተኛው ዙር ቲቶ የይትባረክን ወገብ ማንበብ ጀመረ። ይትባረክ ሲጨንቀው ወደ ቀኙ ማምለጥ ይወዳል። ቲቶ ሁለት ጊዜ አሳለፈው። በሦስተኛው ወገቡ ዞር ሲል ግራ እግሩን ቀድሞ መውጫው ላይ ተከለ፤ ይትባረክ ራሱ እየሮጠ መጣለት። የቲቶ ግራ ቡጢ ከክርኑ በታች ጎኑ ውስጥ ገባ። ውሃ የሞላ ጀሪካን መሬት ላይ ሲወድቅ የሚሰማው ዓይነት ድፍን ድምፅ ነበር። የሚስቀው ሰው አፉን ዘጋ።

ይትባረክ አልወደቀም። እንዲያውም አንድ ቀኝ አሳርፎበት የቲቶን ከንፈር ሰነጠቀው። ግን ከዚያ ወዲያ እንደልቡ አልተንሸራሸረም። የሄደበት ሁሉ ቲቶ ቀድሞ ቆሞ ይጠብቀዋል።

"በነጥብ ገና ኋላ ነህ" አሉት ጋሽ አለሙ ዙሩ ሲያበቃ። "ግን አትቸኩል።"

"የቀረኝ ሦስት ደቂቃ ነው፣ ጋሼ።"

"ጣውላ ስትሰነጥቅ ትቸኩላለህ?"

"ከቸኮልኩ መጋዙ ይነክሳል።"

"እንግዲያውስ።"

ሦስተኛው ዙር ሲጀመር ይትባረክ ሁለት ክርኖቹን ጎኑ ላይ ለጥፎ መጣ። ያ ፈጣን ግራ እጁ ሲወጣ ከብዶት ነበር። ቲቶ ገመዱ ድረስ በትንንሽ እርምጃ ገፋው። ከዚያ ሆዱን ትክ ብሎ አየና ትከሻውን ዝቅ አደረገ። ይትባረክ ሆዱን ሊሸፍን እጆቹን አወረደ። ቲቶ ከጥቅምት ጀምሮ ያቆየውን ቀኝ እጅ ያኔ ፈታው። ጉንጩ ላይ አረፈ።

ያልተነካው ይትባረክ ቁጭ አለ።

ዳኛው መቁጠር ጀመረ። በሰባት ተነሣ፤ ስምንት ከተቆጠረ በኋላ ግጥሚያው ቀጠለ። ይትባረክ ፈሪ እንዳልነበረ ሰው ሁሉ ያየው ያኔ ነው። አምስት ቡጢ አከታትሎ ለቀቀ፤ በዚያ ቀን ከመታው ሁሉ የሚያምሩት እነዚያ ነበሩ። አምስቱም ቲቶን አገኙት። ቲቶ ዋጣቸውና ወገቡን አየ። ወገቡ ወደ ቀኝ ዞረ። ግራ እግሩን ተከለ፣ ግራ እጁን ከክርኑ በታች ላከ።

ይትባረክ በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከ። ትንፋሹ አልመጣለትም። አእምሮው ተነሣ ሲለው፣ ሆዱ እሺ ሳይለው፣ ዳኛው አሥር ቆጠረ።

ከዚያ የቴፒ መዘምራን በአንድ ድምፅ መዝሙር ጀመሩ፤ ትሁት ወንበሯ ላይ ቆማ እልል አለች። ቀጥሎ የሆነውን ቲቶ አልጠበቀም። የሚዛን ሰው ብድግ ብሎ አጨበጨበለት፤ ያ "ክንዱ ምን በደለው" ያለው ሰውዬ ሳይቀር። ዳኛው እጁን ሲያነሣለት የቲቶ እንባ ከከንፈሩ ደም ጋር ተቀላቅሎ ወረደ። ሊጠርገው አልሞከረም። ጋሽ አለሙ ጀርባቸውን ሰጥተው ባልዲውን ያነሡ መሰሉ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሰዉ ተበትኖ ሲያልቅ ይትባረክ ጎኑን በእጁ ደግፎ ወደ ቲቶ መጣ።

"መንገዴን መዝጋት ማን አስተማረህ?"

"ያቺ" አለ ቲቶ፣ በር ላይ የቆመችውን ትሁትን እያሳየ። "መረብ ኳስ ተጫዋች ናት።"

ይትባረክ ሊስቅ ሲል ጎኑ ወጋውና ፊቱን አጨማደደ።

"ሐዋሳ የሚጠብቅህን ልጅ ታውቀዋለህ?"

"አላውቀውም።"

"እኔ አምና ገጥሜ ለጥቂት ነው ያሸነፍኩት። ግራኝ ነው፤ ሁሉ ነገሩ የተገላቢጦሽ። እንዲህ ሆነህ ከሄድክ ያጠፋሃል።" ጃኬቱን አውልቆ ገመዱ ላይ ሰቀለ። "ና፣ ቁም እስኪ። ጭንቅላትህን እንዴት እንደምታሸሽ ላሳይህ።"

ጋሽ አለሙ ባልዲያቸውን መልሰው አስቀመጡ። ውጭ አይሱዙው ሁለት ጊዜ ጥሩንባውን ነፋ፤ ማንም አልወጣም። ባዶው አዳራሽ ውስጥ ሁለቱ ሰዎች ያለ ጓንት ፊት ለፊት ቆሙ። ይትባረክ ግራ እጁን ቀስ ብሎ ሰነዘረ፣ ቲቶም ጎንበስ አለ።

"ለመማር አልረፈደም" አለ ይትባረክ። "እንደገና።"