ፍሬሙ ጠቦ ነው

ወንድሜ ሆደ ባሻ ነው። ይህን ከጀርባው አላወራም፤ ፊት ለፊት ነው የምነግረው። እሱም "አንቺ ደግሞ እሳት ነሽ" ይለኛል፣ ተሳስቀን እናልፈዋለን። የምንገናኘው በአባት ነው፤ ታላቄ ስለሆነ ጋሼ እለዋለሁ። ያን ሰሞን ግን ሳቁም ቀረ፣ ስድቡም ቀረ። አባዬ ሆስፒታል ተኝቷል፣ በማግስቱ ጠዋት የልብ ቀዶ ጥገና ይደረግለታል፣ ጋሼ ስልክ አያነሳም።

አባዬ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ይላል። ነርሷ ስትሆን መልሶ ይተኛል። "ታላቅሽ አልመጣም?"

"ይመጣል አባዬ፣ ሥራ ይዞት ነው።"

ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ጠርቶ "ሊያየው የሚፈልግ ቤተሰብ ካለ ዛሬውኑ ይምጣ" ሲለኝ ክው አልኩ። ከዚያ በኋላ ደውዬ አልለምንም አልኩና ጨርቄን ማቄን ሳልል ጋሼ መሥሪያ ቤት ሄድኩ።

ጋሼ የአንድ መጋዘን ሒሳብ ሠራተኛ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ኮምፒውተር ከማርጀቱ የተነሳ ቢጣል የሚያነሳው የለም። ገና ሳልቀመጥ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው።

"እስኪ እይው፣ የሠራሽውን።"

እኔ የምተዳደረው ድረ ገጽ በመሥራት ነው። ያየሁት ደግሞ የራሴን ሥራ ነው፤ ለአባዬ የእንጨት ሥራ ቤት የሠራሁለትን ገጽ። ከመታመሙ በፊት "ሱቁን የከፈትን ቀን የተነሳነውን ፎቶ አስገቢልኝ፣ ሁላችንም ያለንበትን" ብሎ አዞኝ አስገብቻለሁ። በግራ እማዬ እኔን ሕፃኗን ታቅፋ፣ መሃል አባዬ መጋዙን ይዞ። ከእሱ በስተቀኝ ጋሼ መቆም ነበረበት። ፎቶው ግን አባዬ ክርን ላይ አለቀ።

"ቆረጥሽኝ" አለ። "አባዬ ልጁ አንቺ ብቻ ነሽ ማለት ነው። ደንበኛውም ይወቀው፣ ዘመድም ይወቀው።"

"ኧረ ጋሼ በሞቴ! አለህ እኮ!" ስልኬን አውጥቼ ገጹን አሳየሁት። አለ፤ ቀጫጫ ልጅ፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፎቶው ዳር ቆሟል። አየና ስልኩን በቀስታ መለሰልኝ።

"አንቺ ስልክ ላይማ እንደፈለግሽ ታደርጊኛለሽ።"

ደሜ ፈላ። አባዬ አልጋ ላይ በር በር እያየ፣ ይሄ ሰውዬ በፎቶ ያኮርፋል! ግን ደግሞ ስክሪኑ ላይ የለም። "ተነስ" አልኩና ወንበሩን ቀማሁት።

ገጹን እንደገና ጫንኩት፤ የለም። ኮምፒውተሩ አሮጌ ቅጂ አስቀምጦ ይሆናል ብዬ ያጠራቀመውን ሁሉ አጸዳሁ፤ የለም። ኮምፒውተሩ ላይ ድረ ገጽ የሚከፍት ሌላ ፕሮግራም፣ ሌላ ብራውዘር ነበር፤ እሱን ከፈትኩ። ጋሼ አለ! ወደ መጀመሪያው ተመለስኩ፣ ጋሼ የለም። ያው ፎቶ ነው፣ ያው ጠረጴዛ ላይ፣ አንዱ ያሳየዋል፣ አንዱ ይውጠዋል። እሱ ከኋላዬ ቆሞ ሲተነፍስ ይሰማኛል።  የገጹን ትእዛዞች አንድ በአንድ እያጠፋሁ እያበራሁ፣ ፎቶው ገጹ ላይ ከተሰጠው ሳጥን ስፋት እንዳያልፍ ያዘዝኩበት መስመር ላይ ደረስኩ። አዲስ አጻጻፍ ነው፣ እኔም ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ ነበር የጻፍኩት። አሮጌው ብራውዘር አልገባውም። ያልገባውን ደግሞ ምንም ሳይል ዘሎት ያልፋል፤ ፎቶው በሙሉ ስፋቱ ተዘርግቶ ከሳጥኑ የተረፈው ጠርዝ ተቆርጧል። ጠርዙ ላይ የቆመው ጋሼ ነው።

አሮጌውም የሚገባው አንድ መስመር ጨመርኩና ገጹን ጫንኩት። ልጁ አዲስ ሸሚዙን ለብሶ ብቅ አለ።

"አየኸው? ሳጥኑ ጠቦ ነው ጋሼ። የቆረጠህ ብራውዘሩ ነው፣ እኔ አይደለሁም። በል ተነስ፣ አባዬ ጋ እንሂድ።"

ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ። ከዚያ ጣቱን ልጁ ትከሻ ላይ አሳረፈ።

"ይሄ እጅ የማን ነው?"

ከፎቶው ውጪ የመጡ አራት ጣቶች ትከሻውን ይዘውታል፤ አንዱ ላይ ቀጭን ቀለበት አለ። ያን ፎቶ ስንቴ አስተካክዬዋለሁ፣ አንድ ቀን አላየኋቸውም።

"የእናቴ ነው" አለ። "ሱቁን ልትመርቅ መጥታ ነው። በዓመቱ ሞተች፣ እኔም እናንተ ቤት ገባሁ። ከእሷ ጋር ሌላ ፎቶ የለኝም።" ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። "እሷንም ብራውዘሩ ነው የቆረጣት?"

 ስልኬን አንስቼ ዋናው ፎቶ ወዳለበት ወደ ቤት ሮጥኩ።

ቤት ስገባ እማዬ የአባዬን ፒጃማ ለሆስፒታል ታጣጥፋለች። ሳሎን የተሰቀለውን ፎቶ አወረድኩት። ለገጹ ከነፍሬሙ ነበር በስልክ ያነሳሁት፤ ማን ፈትቶት ያውቃል! ሚስማሮቹን በቢላ ነቅዬ የጀርባውን ካርቶን ሳነሳ ፎቶው ወደ ኋላ ታጥፏል። ዘረጋሁት። ከታጠፈበት ነጭ ስንጥቅ ወዲያ አንዲት ቀጭን ሴት፣ ነጠብጣብ ቀሚስ ለብሳ፣ ልጇን ይዛ ትስቃለች።

እማዬ በሩ ላይ ቆማለች።

"ፍሬሙ ጠቦ ነው" አለች።

"እማዬ፣ ይህንኑ ቃል እኔ ዛሬ ለጋሼ ነግሬዋለሁ። የእኔ እውነት ነበር። አሁን ማን ያምነኛል? አባዬ ነገ ጠዋት ቀዶ ጥገና ይገባል እኮ! ሳያየው ቢቀርስ?"

ፒጃማውን እንደያዘች ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ፊቷ ሲያረጅ አየሁት።

"ልጅ ነበር፣ ያስቸግራል፣ እቆጣዋለሁ። ቀና ስል እሷ ግድግዳው ላይ ሆና ታየኛለች። እናቱ እያየችኝ ልጇን መቆጣት አቃተኝ።"

"እና እሷን አጠፍሽ።"

"አዎ።" እንባዋን በፒጃማው እጅጌ ጠረገች። "በይ ደውይለት።"

"አያነሳም።"

"በእኔ ስልክ ደውይ።"

እማዬ ለጋሼ ደውላ አታውቅም። ደውዬ ሰጠኋት፤ ገና አንዴ ሳይጠራ አነሳው፣ ተጠግቼ እሰማለሁ። "እትዬ? አባዬ ምን ሆነ?"

"አባትህ ደህና ነው።" ስልኩን በሁለት እጇ ይዛዋለች። "ፍሬሙ አልጠበበም ነበር፣ ልጄ። እናትህን ወደ ኋላ አጥፌ የሸሸግኳት እኔ ነኝ። እህትህ አታውቅም፣ አባትህም አያውቅም። ፍሬሙ ጠቦ ነው ያልኩትን አምኖ ነው የኖረው።"

የዘጋው መሰለኝ። እማዬም ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ አየችውና መልሳ ለጠፈችው።

"አለች እንዴ?" አለ ጋሼ። "አልተጣለችም?"

"አለች። እየሳቀች ነው።"

ሲያለቅስ ሰማነው። ትልቅ ሰው ነው፣ መሥሪያ ቤት ነው፣ ያለው ሰው ሁሉ ይሰማዋል፣ ግድም አልሰጠው።

"ሲመጡ ይዘዋት ይምጡ፣ እትዬ" አለ በመጨረሻ። "አባዬ የተኛው የትኛው ክፍል ነው?"

እማዬ ፎቶውን አንስታ ፒጃማው ውስጥ ትጠቀልለው ጀመር። ስልኩን ቀማኋትና እኔ ነገርኩት።