ላሟ ያጸደቀችው የሠርግ ዘፈን

ጋሽ ቶሌሳን የማያውቅ ሰው እንኳ ዘፈናቸውን ያውቃል። ታክሲ ውስጥ የሚጮኸው፣ ሠርግ ላይ ሽማግሌ የሚያስነሳው፣ ልጆች ቲክቶክ ላይ የሚገለባበጡበት፣ ግማሹ የሳቸው ነው። እሳቸው ግን ስልክም ሬዲዮም የላቸውም። ቦሌ ቡልቡላ፣ ከኛ ኮንዶሚኒየም ጀርባ፣ ከድሮው እርሻቸው በተረፈችው ቁራሽ መሬት ላይ፣ በጭቃ ቤት ከላማቸው ከቦንቱ ጋር ይኖራሉ። በበጋ ውጪ ነው የሚተኙት፤ "ጣሪያ ሐሳብ ይዘጋል" ይላሉ። አንድ ጊዜ ወፍ ኮፍያቸው ውስጥ ጎጆ ሠርታ፣ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ድረስ ባዶ ራሳቸውን ፀሐይ ሲጠብሳቸው ከረሙ። ሰው እብድ ይላቸዋል። እኔ አልልም፣ እናቴ ትሰማኛለች።

እኔ ዘሃራ ነኝ። እናቴ ከሕንፃው ሥር ሱቅ አላት። እኔና ትምህርት ስድስተኛ ክፍል ላይ ስለተኳረፍን፣ ሥራዬ ጧት ጧት የጋሽ ቶሌሳን ወተት ለደንበኛ ማድረስ ነው። ስለዚህ ዘፈን እንዴት እንደሚሠራ በዓይኔ አይቻለሁ።

ቦንቱ ካልተዘፈነላት ወተቷን ትይዛለች። ገጠር ያደገ ሰው ይሄ አይገርመውም፣ ላም ሲያልብ ማንጎራጎር ያለ ነው። የቦንቱ ጉድ ሌላ ነው። የሰለቻትን ዘፈን አትሰማም። ጋሽ ቶሌሳ ባልዲውን በጉልበታቸው ይዘው የድሮ ዜማ ከጀመሩ ዞር ብላ ታያቸዋለች፤ ወተት የለም። አዲስ ካመጡ ይፈስሳል።

"ሰው ደራሲ ይለኛል" አሉኝ አንድ ቀን። "ይቺ ባትጨቀጭቀኝ እስከ ዛሬ አንድ ዘፈን ነበር የምዘፍነው።"

ቦንቱ ያጸደቀችላቸውን ዘፈን ከኦሎምፒያ ስቱዲዮ ድረስ ዘፋኞች መጥተው ይወስዳሉ። ልዩ የምትባለዋ ዘፋኝ ባለተረከዝ ጫማ አድርጋ መጥታ፣ ጭቃው አንዱን ዋጠባት። ዘፈኑን ይዛ በአንድ እግሯ ሄደች።

ታዲያ ቦንቱ የምትግጠው ሣር የኮንዶሚኒየሙ ነው። የኮሚቴያችን ሰብሳቢ ደግሞ ወይዘሮ ውባንቺ ናቸው፣ ሦስተኛ ፎቅ። በየስብሰባው ይነሱና "ኮንዶሚኒየም ማለት ዘመናዊ አኗኗር ነው። ላም በመስኮት እያየችኝ ምሳ አልበላም" ይላሉ። ያጨበጭብላቸዋል ሰው።

ዘንድሮ ጠነከሩ። ጋሽ ቶሌሳን ግቢ ውስጥ አስቁመው፣ "ልጄን ማኅደርን ልድር ነው" አሏቸው። "የሙሽራው ወገኖች በሙሉ የባንክ ሰዎች ናቸው፣ ሠርግ ላይ ከወንበራቸው አይነሱም። እርስዎ አዲስ ዘፈን ይሥሩልኝና እነዚያ ሰዎች ከተነሱ ላሟ ትቆያለች። ካልተነሱ ሣሩን በሽቦ አሳጥረዋለሁ።"

ሣሩ ከታጠረ ቦንቱ ካራ ከብት ገበያ ተወስዳ ትሸጣለች ማለት ነው። ጋሽ ቶሌሳ ባልዲያቸውን ይዘው ገቡ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

ጀመሩ፦

"ሙሽራዬ ዓይንሽ የንጋት ኮከብ ነው፣
አንገትሽ ብርሌ፣ ጥርስሽ ወተት ነው..."

ቦንቱ ወተት የሚለውን ስትሰማ ባልዲውን ረገጠችው።

"ምን ሆነች?" አልኩ።

"ማኅደርን ታውቃታለቻ። ውሸት አትወድም።"

ሌላ ሞከሩ። ፀጉሯን ሐር አሏት፣ አረማመዷን እርግብ አሏት። ቦንቱ ጭራሽ ተኛች። አውሮፕላን በላያችን አለፈ፣ ጋሽ ቶሌሳ እስኪያልፍ ጠበቁና ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው ላብ ብቻ ነው።

"አንቺ ልጅ፣ ፎቅ ለፎቅ ስትዞሪ ትውያለሽ። ስለነዚህ ልጆች እውነት የሆነ ነገር ንገሪኝ።"

ወሬ የተጠየቀ ሰው ምን ያደርጋል? ነገርኳቸው። ሙሽራው ተስፋጽዮን መጀመሪያ የመጣ ቀን የጥበቃውን ቡችላ ፈርቶ አበባውን ታቅፎ በር ላይ መቆሙን። ማኅደር ሽሮ ሠርታ ነዋሪው እሳት ተነሳ ብሎ መውረዱን። ጋሽ ቶሌሳ እየሰሙ ያንጎራጉራሉ፣ ቦንቱም ተነሳች። ባልዲው ጭርር ማለት ጀመረ። እኔም ወተቱን ሳይ ደስ አለኝና አፌ ከኔ ቀደመ።

"ወይዘሮ ውባንቺ ደግሞ ጧት ጧት ከቦንቱ ወተት ይወስዳሉ። በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ፣ ሰው እንዳያይ።"

ጋሽ ቶሌሳ ማለቡን ሳያቋርጡ ግጥም አደረጉት። ቦንቱ እንደዚያ ቀን ታልባ አታውቅም።

"ጋሽ ቶሌሳ፣ እቺን እንኳ አያስገቧት" አልኳቸው። "ላሟን ሊያስባርሯት ነው እኮ።"

"እሷ ናት የመረጠችው። እኔ ምን አገባኝ?"

"እኔን ደግሞ ይገድሉኛል።"

"አንቺማ ሯጭ ነሽ።"

የሠርጉ ቀን እኔና እናቴ የሙስሊም ምግብ በቀረበበት ጠረጴዛ ተቀምጠናል። ማዶ የባንክ ሰዎቹ፣ ሁሉም ክራቫት፣ ሁሉም ብድር እንደተጠየቀ ሰው ኮስተር ብለዋል። ጋሽ ቶሌሳ ከድንኳኑ ውጪ ቦንቱን ይዘው ቆመዋል። ልዩ ወጣችና ማይኩን አንስታ ጀመረች፦

"ሙሽራው ሲመጣ አበባውን ይዞ፣
ቡችላ አየና ቀረ በር ላይ ፈዝዞ።"

ከሙሽራው ወገን አንድ ወጣት ፈገግ አለ። ተስፋጽዮን ጆሮው ቀላ።

"ማኅደር ሽሮ ሠርታ ጭሱ ሲበረታ፣
ነዋሪው ወረደ ከፎቁ ባንዳፍታ።"

የሙሽራው አጎት፣ አንድ ወፍራም ሰውዬ፣ ሳቁን አፍኖ ሳል አስመሰለው። ወንበሩን ግን ማንም አልለቀቀም። ጋሽ ቶሌሳን በድንኳኑ ቀዳዳ አየኋቸው፣ የቦንቱን ገመድ እጃቸው ላይ ጠምጥመውታል። እኔ ደግሞ የሚመጣውን ስለማውቅ ከለስላሳው ሣጥን ጀርባ ገባሁ።

"ላሚቱ ትውጣልን አሉ በስብሰባ፣
ወተቷን በፌስታል ማን ነው የሚያስገባ?"

መጀመሪያ የኛ ሕንፃ ሰው ፈነዳ። ቀጥሎ የባንክ ሰዎቹ "ማን ነው? ማን ነው?" ተባባሉ። ጣት ሁሉ ወደ ሙሽራዋ እናት ሲቀሰር አጎትየው ክራቫቱን ፈትቶ ተነሳ፤ ተከትለውት ሁሉም። ልዩን እስኪደክማት አስደጋገሟት። ወይዘሮ ውባንቺም መሐል ገብተው ጨፈሩ፣ ምን ያድርጉ? ፊታቸው ግን አብሯቸው አልጨፈረም።

በማግስቱ ስብሰባ ጠሩ።

"ተነሥተዋል" አሉ ጋሽ ቶሌሳ ከኋላ ወንበር። "ቃልዎ ነው።"

"ተነሡ። ግን እኔን አዋርደው ነው ያስነሷቸው። ስለዚህ ኮሚቴው ይወስን። ላሟ ትውጣ የምትሉ እጃችሁን አውጡ።"

ብዙ እጅ ወጣ። የጋሽ ምሩጽም ወጣ፤ በጋራ ውሃ መኪናቸውን የሚያጥቡት፣ ምድር ቤት። ጋሽ ቶሌሳ ግን እያንጎራጎሩ ነበር። እጅ ያወጣውን ሰው እያንዳንዱን ቀስ ብለው አዩትና ድምፃቸውን ሳያሰሙ የሚጠይቁ መስሏቸው፣

"ዘሃራ፣ 'ኮሚቴ' ከምን ጋር ቤት ይመታል?" አሉኝ።

"እሱን በኋላ እናስበዋለን" አልኩ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማኝ አድርጌ። "መጀመሪያ እጅ ያወጡትን ስም እንያዝ።"

የጋሽ ምሩጽ እጅ ራሳቸውን ለማከክ ወረደ። ቀጥሎ የጎናቸው። ጣሪያውን የሚያዩ በዙ። መጨረሻ ላይ የወይዘሮ ውባንቺ እጅ ብቻዋን ቀረች፤ እሷም እያየናት ቀስ ብላ ወረደች።

"ላሟ ትቆይ" አሉ። "ግን ከአሁን በኋላ ስለ ኮሚቴው አይዘፈንም።"

"እሱን ለራሷ ለቦንቱ ይንገሯት" አሏቸው ጋሽ ቶሌሳ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። በነጋታው ጧት ወተት ላመጣ ስወርድ፣ ወይዘሮ ውባንቺ በሌሊት ልብሳቸው ጤዛው ላይ ቆመው፣ አንድ እቅፍ ጎመን ለቦንቱ እያጎረሱ አንድ ነገር ያስረዷታል። ሁሉን አልሰማሁም። "እባክዎ" ሲሏት ግን ሰምቻለሁ።